የግራ በኩል ወንበር

እማሆይ ከተኙበት አልጋ በግራ በኩል ስቀመጥ እኔ የለሁም ማለት ነበር። እግራቸውን አሻለሁ፣ ውኃ እቀዳለሁ፣ «ዛሬስ እንዴት ነዎት?» እላለሁ፤ እሳቸው ግን ፊታቸውን ወደ በሩ፣ ወደ ቀኝ እንዳዞሩ ዳዊታቸውን ይደግማሉ። ሲሰለቸኝ ተነሥቼ፣ አልጋውን ዞሬ በቀኝ በኩል ብቅ ስል ፊታቸው ይበራል። «አንቺ ልጅ፣ መቼ ገባሽ?» ብለው ጉንጬን ስበው ይስሙኛል። ዓይናቸውን ሐኪም አይቶታል፤ ደህና ነው። ጆሯቸውም ደህና ነው፤ ኮሪደር ላይ የወደቀች ማንኪያ ሳትቀር ይሰማሉ።

የእናቴ ታላቅ ናቸው። እናቴን በልጅነቴ ሳጣ ያሳደጉኝ እሳቸው ናቸው። ለወግ ለማዕረግ ካበቁኝ በኋላ ቆብ ደፍተው ኢየሩሳሌም ገቡ፤ በደብረ ገነት ኪዳነ ምሕረት አንዲት ክፍል ተሰጥታቸው ኖሩ። «ነይ፣ ጎልጎታን ተሳለሚ» እያሉ በየዓመቱ ሲጠሩኝ እኔ በሥራ እያመካኘሁ ቆየሁ። የሄድኩት ስትሮክ መታቸው ተብሎ ሲደወልልኝ ነው። ስለዚህ በግራቸው ተቀምጬ ዘወር ሳይሉልኝ ሲቀሩ የመጣልኝ ሐሳብ አንድ ብቻ ነበር፤ ቂም ይዘውብኛል። መነኩሴ ቂም አይዝም ይባላል። ያሳደገ ሰው ግን ይይዛል። ይባስ ብሎ ቀናሁ፤ ያውም በነርሷ።

ነርሷ ጎንደር የተወለደች ቤተ እስራኤል ናት። በ1991 እ.ኤ.አ. በግንቦት ወር፣ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል በተጓጓዘበት በዘመቻ ሰለሞን፣ በእናቷ ጀርባ ታዝላ የገባች። አማርኛዋ የጓዳ አማርኛ ነው፤ ይጣፍጣል፣ ነገሩ ሕክምና ላይ ሲደርስ ግን ዕብራይስጥ ይገባበታል። «እማሆይ» ማለት ለአፏ አይቀናትም፣ «እማማ» ትላቸዋለች። እሳቸውም ገና ጥላዋን ሲያዩ «መጣሽልኝ!» ይላሉ። እኔ ጠዋት ማታ ስንከባከባቸው የማላገኘውን ምርቃት እሷ ሙቀት መለኪያ ይዛ ብቅ ብላ ታፍሰዋለች። አንድ ቀን ፊቴን አንብባ ኖሮ ኮሪደር ላይ ያዘችኝና «አንቺን እኮ አይደለም የረሱት። ግራን ነው የረሱት» አለችኝ። እሷ የምትመጣው ሁልጊዜ ከበሩ፣ ማለትም ከቀኝ ነው።

ሐኪሞቹ «ኔግሌክት» ይሉታል። የእማሆይ ስትሮክ ያረፈው በቀኙ የአንጎል ክፍል፣ ከጆሮ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ በሚገኘው ፓራይታል በሚባለው አካባቢ ነው። ብርሃንና ድምፅ ወደ አንጎል መግባታቸው ብቻውን አይበቃም፤ ከገባው ሁሉ ውስጥ የት ያለውን፣ መቼ የሚመጣውን ላስቀድም የሚለውን የሚወስን ሌላ ሥራ አለ። በተለመደው ማብራሪያ የግራው የአንጎል ክፍል በዋናነት ወደ ቀኝ ይመለከታል፣ የቀኙ ግን ሁለቱንም ወገን ይጠብቃል። የግራው ቢጎዳ የቀኙ ይሸፍንለታል። የቀኙ ሲጎዳ ግን ለግራው ወገን ዘብ የሚቆም አይኖርም። ዓይነ ስውር ማየት አለመቻሉን ያውቃል፣ ስለዚህም አንገቱን ያዞራል፣ በእጁ ይዳስሳል። ይህ ሕመም የያዘው ሰው የጎደለበት ነገር መኖሩንም አያውቅም፤ ዓለም ሙሉ ናት፣ ብቻ ግራ የላትም።

ከዚያ በኋላ ማየት ጀመርኩ። ነጠላቸው ከግራ ትከሻቸው ወርዶ መሬት ሲጠርግ አይሰማቸውም። ቆባቸው ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። በእንጀራው ላይ ሽሮውን በቀኝ፣ ጎመኑን በግራ አድርጌ ሳቀርብላቸው ሽሮውን ጨርሰው «ዛሬ ጎመን አላመጣሽም?» ይላሉ። ሰሃኑን ሳዞረው «አይ፣ ኋላ ነው እንዴ የምታቀርቢው» ብለው ይስቁብኛል። ጾም ስለነበር የምግቡ ጉዳይ ራሱን የቻለ ጣጣ ነበረው፤ ደግነቱ በአይሁድ ሥርዓት ሥጋና ወተት ስለማይቀላቀል ሥጋም ወተትም የሌለበት ምግብ በየመደርደሪያው ምልክት ተደርጎበት ይገኛል። እንቁላል እንዳይኖርበት መጠየቅ ነው።

በጣም የሚገርመው ዳዊቱ ነው። የሆስፒታሉ ሰው ሁሉ የእማሆይ ንባብ ደህና ነው ይል ነበር። መጽሐፋቸውን ጭናቸው ላይ ዘርግተው፣ ሳይሰናከሉ፣ የዕለቱን ድርሻ ይጨርሳሉ። ሕመሙ ያለበት ሰው ግን ገጹን እንዲህ ማንበብ አይችልም። ነገሩ የተገለጠው ከጎንደር በመጣች የሠርግ ጥሪ ካርድ ነው። የሀገራችን የሠርግ ካርድ እንደምታውቁት ነው፤ የአንደኛው ወገን ወላጆችና ልጅ ስም በአንድ አምድ፣ የሌላኛው በሌላ አምድ። በዚያች ካርድ ላይ የሙሽራው ወገን በግራ፣ የሙሽራይቱ በቀኝ ነበር። እማሆይ መነጽራቸውን አድርገው፣ ጮክ ብለው፣ ረጋ ብለው አነበቡና ቀና አሉ። «ልጅቱ እሰየው፤ ግን የምታገባው ማንን ነው?» ካርዱን ወደ ቀኝ ሳሸሽላቸው ሙሽራው ከነአባቱ ተገኘ። በጣም ተቆጡ፤ በካርድ አሳታሚው ላይ።

ዳዊቱን አያነቡትም ነበር። ከልጅነታቸው ጀምሮ ልባቸው ውስጥ ያለውን፣ አንዱ ቃል ሌላውን እየጎተተ፣ ይወርዱት ነበር። ገጹ በእጃቸው ያለው ለወጉ ነው።

ጎረቤት አልጋ ላይ ይህንኑ ሕመም የታመሙ አንዲት አይሁዳዊት አሮጊት ነበሩ። እሳቸውም ጠዋት ጠዋት የሚደግሙት መዝሙረ ዳዊትን ነው፣ በዕብራይስጥ። በእኛም በእነሱም ዳዊት ለሰባቱ ዕለታት ተከፍሎ ይደገማል። ታዲያ ነርሷ ለሙከራ ሁለቱም በቃላቸው የማያውቁትን ጽሑፍ ሰጠቻቸው፤ ለእማሆይ የአማርኛ፣ ለአሮጊቷ የዕብራይስጥ ጋዜጣ። እማሆይ የየመስመሩን መጀመሪያ ዘለሉ። ጎረቤታቸው የየመስመሩን መጨረሻ ተዉት፤ ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይጻፋልና። ሁለቱም የዘለሉት ያንኑ ግራ ነው። እማሆይ ወሬው ከየት እንደተነሣ አያውቁም፣ አሮጊቷ የት እንደደረሰ አያውቁም። ነርሷ እየሳቀች «ሁለቱን ብናስቀምጣቸው አንድ ጋዜጣ ይወጣቸዋል» አለች። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ግን ቆየት ብሎ ነገሩ ከነከነኝ። ዳዊቱ ለምን ዳነ?

ሐኪሞቹ ሕመሙን በየጊዜው ይለኩታል። አንዱ መለኪያ ሰዓት ማሣል ነው። ቴራፒስቷ ወረቀት ላይ ክብ ሠርታ በዕብራይስጥ «ቁጥሮቹን አስገቢበት፣ ቀስቶቹን አሥራ አንድ ሰዓት ከአሥር ላይ አድርጊ» አለች። ነርሷ ለትልቅ ሰው ክብር ብላ ይመስለኛል በሀገር ቤት አቆጣጠር አዙራ፣ «እማማ፣ አምስት ሰዓት ከአሥር ያድርጉት» ብላ ልትተረጉም ስትል እኔ ገባሁባት። የእማሆይ የእጅ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር የተሞላ ነው፤ አምስት ሰዓት ሲባሉ ቀስቱን አምስት ቁጥር ላይ ነው የሚያደርጉት። ፈረንጆቹ አሥራ አንድ ከአሥርን የመረጡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሰዓቱ ቀስት አሥራ አንድ ላይ፣ በግራ ይውላል፤ የደቂቃው ሁለት ቁጥር ላይ፣ በቀኝ። ታማሚው ሁለቱንም ወገን መፈለግ ግድ ይሆንበታል። አምስት ከአሥር ከሆነ ግን ሁለቱም ቀስቶች ቀኝ ላይ ይወድቃሉ፣ ሕመሙም ይደበቃል። ይህን ስነግራት ቴራፒስቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ሳቀች፤ ስንት ዓመት ስትሠራበት የኢትዮጵያ ሰዓት አጋጥሟት አያውቅም። ቁጥሩ እንዳለ ተነገራቸው። እማሆይም ሣሉ። ከአሥራ ሁለት እስከ ስድስት ደህና ወረዱ፤ ከዚያ ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ እያሉ የቀሩትን ሁሉ በቀኙ በኩል፣ እንደ ታክሲ ተሳፋሪ አጨናንቀው ጨረሱ። ግራው ባዶ ነው። «ቆንጆ ሰዓት!» አሉ።

በ1978 እ.ኤ.አ. ኤዶአርዶ ቢዚያክ እና ክላውዲዮ ሉዛቲ የተባሉ ጣሊያናውያን ሚላን ውስጥ አንድ ሙከራ አድርገዋል። ይህ ሕመም የያዛቸውን ሁለት የከተማይቱ ነዋሪዎች፣ በሚያውቁት በካቴድራሉ አደባባይ ላይ እንደቆሙ አድርገው እንዲያስቡ ጠየቋቸው። መጀመሪያ ፊታቸውን ወደ ካቴድራሉ አዙረው፤ የሚታያቸውን ሲዘረዝሩ በቀኝ ያሉትን ሕንጻዎች ጠሩ። ቀጥሎ ካቴድራሉ ደረጃ ላይ ቆመው ወደ አደባባዩ እንደሚመለከቱ ሆነው፤ አሁን ደግሞ ቅድም የተዉዋቸውን ጠሩ፣ ቅድም የጠሯቸውን ተዉ። ፊታቸው ላይ አንድም ሕንጻ አልነበረም። የጎደለው ከዓይን ሳይሆን ልብ ከሣለው ሥዕል ነው።

ይህን ከቴራፒስቷ ከሰማሁ በኋላ ሳልሞክረው ማደር አልቻልኩም። «እማሆይ፣ ኪዳነ ምሕረት ውስጥ እንደቆሙ ያስቡ፤ ፊትዎ ወደ መቅደሱ ነው። ማን ማን አለ?» አልኳቸው። ወደ ምሥራቅ ሲቆም ሴቶች በደቡብ፣ በቀኝ ናቸው፤ ወንዶች በሰሜን፣ በግራ። እማሆይ መነኮሳይያቱን አንድ በአንድ ከነማዕረጋቸው ጠሩ። አንድም ወንድ የለም፣ ዲያቆን እንኳ። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ዞረው ፊትዎን ወደ ምዕራብ…» አላስጨረሱኝም። «ምን አልሽ? ጀርባዬን ለመቅደስ?» የሚላኑ ሙከራ እዚህ ላይ ቆመ። ጣሊያኖቹ ይህ አልገጠማቸውም።

መቅደሱን ትቼ ሙከራውን ወደ ደብሩ መንገድ ወሰድኩት። የኢትዮጵያ ጎዳና አጭርና ጠባብ ነው፤ ከነቢያት መንገድ ተነሥቶ በድንጋይ አጥር መሐል ይሄዳል። በአንድ በኩል ደብረ ገነት አለች፤ ክብ፣ ጥቁር ጉልላት የደፋች፣ በአፄ ዮሐንስ 4ኛ ዘመን ተጀምራ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1893 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀች። በሯ ላይ ዘውድ የደፋ አንበሳ ተቀርጿል። ፊት ለፊቷ ዕብራይስጥን ዳግም የመነጋገሪያ ቋንቋ ለማድረግ የለፋው ኤሊዔዘር ቤን ይሁዳ የኖረበት ቤት አለ። እማሆይን ከነቢያት መንገድ ተነሥተው እንዲሄዱ፣ ከዚያ ደግሞ እንዲመለሱ በልባቸው አስኬድኳቸው። በአንደኛው ጉዞ አጥሩን፣ ዛፎቹን፣ አንበሳውን፣ በሩ ላይ የሚቀመጡትን ሁሉ ነገሩኝ። በሌላኛው ግን የሌላውን ወገን ቤቶች ብቻ ቆጥረው ከመንገዱ ጫፍ ደረሱ። ኪዳነ ምሕረት አልነበረችም። ዕድሜያቸውን የሰጧት ደብር ከመንገዱ ላይ ጠፍታ እሳቸው ምንም አልጎደለባቸውም። ያን ዕለት እኔ ተቀይሜ የኖርኩበት ነገር ሁሉ ረገፈ። ኪዳነ ምሕረትን ያጣ ሰው እኔን ቢያጣኝ ምን ይገርማል?

ወደ ዳዊቱ ልመለስ። ቴራፒስቷ አስታዋሽ ሰው ናት፤ የምጠይቃትን ስትመልስ ስምና ዓመት ታስከትላለች። በ1998 እ.ኤ.አ. ጄኒፈር ኩል እና አና ክርስቲና ኖብሬ ሰዎች ትኩረታቸውን ወደ አንድ ቦታ ሲመሩና ወደ አንድ ቅጽበት ሲመሩ አንጎላቸው ውስጥ ምን እንደሚሆን በምስል አይተዋል። ብዙው መረብ የጋራ ነው። ግን «የት» የሚለው ይበልጥ በቀኙ ፓራይታል፣ «መቼ» የሚለው ይበልጥ በግራው በኩል ይታያል። የእማሆይ ግራ አንጎል አልተነካም። ገጽ ማለት ቦታ ነው፤ ግራና ቀኝ፣ ላይና ታች አለው። በቃል የተያዘ ዳዊት ግን ግራ የለውም። ያለው ፊትና ኋላ፣ ቀድሞ የሚመጣና ተከትሎ የሚመጣ ነው። እኔ እንደገባኝ ዳዊቱ ያመለጠው በዚህ በኩል ነው።

ነገሩ ግን ቦታ ታመመ፣ ጊዜ ዳነ ተብሎ አያልቅም። ማሱድ ሁሴንና ባልደረቦቹ በ1997 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ ጤነኛ ሰው አንድ ነገር ካስተዋለ በኋላ ቀጣዩን ለማስተዋል ግማሽ ሰከንድ የማይሞላ ጊዜ ሲወስድበት፣ እነዚህ ታማሚዎች ዓይናቸው ፊት ለፊት በሚታይ ነገር ላይ እንኳ ከሰከንድ በላይ ይፈጅባቸዋል። ወሬ ስናከታትልባቸው እማሆይ የሚደክሙት ለዚህ ነበር፤ እኔ እርጅና ነው እል ነበር። አርኖ ሳጅና ባልደረቦቹ ደግሞ በ2014 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ጥናት ከዚህም ይገርማል። ከግራ ወደ ቀኝ የሚጽፍ ሰው ያለፈውን ጊዜ በግራ፣ የሚመጣውን በቀኝ አድርጎ የመሣል ልማድ አለው፤ ግራውን የረሱት ታማሚዎች ስለ አንድ ሰው ያለፈና የወደፊት ነገር ሲነገራቸው ያለፈውን አጥርተው መያዝ አቃታቸው። እዚህ ላይ ጎረቤት አልጋ ያሉትን አሮጊት አሰብኩ። በዕብራይስጥ ለሚጽፍ ሰው ጊዜ የሚፈሰው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። ታዲያ እማሆይ ያለፈውን ሲያጡ እሳቸው የሚመጣውን ያጡ ይሆን? ይህ የእኔ ጥያቄ ነው፤ ሁለቱ ሴቶች በምልክት ሲጫወቱ እያየሁ የመጣብኝ።

በጊዜ በር ግን ወደ ቦታ መግባት ይቻላል። ኢያን ሮበርትሰንና ባልደረቦቹ ያሳዩት ይህን ነው፤ ጥናታቸው የወጣው በ1998 እ.ኤ.አ. ነው። በግራ ያለ ነገር ከቀኙ በጣም ዘግይቶ ለሚታያቸው ታማሚዎች፣ ነገሩ ከመምጣቱ ጥቂት ቀደም ብሎ ድንገተኛ ድምፅ ሲሰማ ያ መዘግየት ለአፍታ ይጠፋል። ድምፁ ከየትም ይምጣ፣ «አሁን!» ብሎ አንጎልን ያነቃዋል፣ የነቃው አንጎልም ግራውን ያገኛል።

የእማሆይ መቋሚያ በአልጋው ጥግ ተደግፎ ነበር። አነሣሁና ወለሉን አንድ ጊዜ ቀጭ አደረግሁት፣ ወዲያውም በግራ ሆኜ «እማሆይ» አልኩ። ዘወር አሉ። መጀመሪያ ዓይናቸው፣ ከዚያ አገጫቸው፣ ከዚያ አንገታቸው። «እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?» አሉ፤ ከተደበቅሁበት እንደወጣሁ ሁሉ። ሁልጊዜ አልሠራም። ሲደክማቸው አይሠራም፣ ቴሌቪዥን ሲከፈት አይሠራም፣ ሲሠራም ትንሽ ቆይቶ ዓይናቸው ወደ ቀኝ ይንሸራተታል። ግን ከቀኝ ሳልሄድ አገኙኝ። ቴራፒስቷም ከራሷ ጨመረችበት፤ በየገጹ ግራ ጠርዝ ላይ ደማቅ ቀይ መስመር አሰመረች፣ ቀዩን ሳያዩ መስመር እንዳይጀምሩ። ደካማዋን ግራ እጃቸውንም ሳትሠራ እንዳትቀመጥ፣ በግራ በኩል ጠረጴዛው ላይ ጣቶቻቸውን እንዲያንቀሳቅሱ አዘዘች።

የካቲት 16፣ በኪዳነ ምሕረት ክብረ በዓል፣ ቤታቸው ገብተው ነበር። ጫማችንን አውልቀን በሴቶቹ በኩል ወንበር ላይ አስቀመጥኳቸውና በግራቸው ቆምኩ። ማኅሌት የሚያውቅ ሰው ሥርዓቱን ያውቀዋል፤ በቁም ዜማ ይጀመራል፣ መሣሪያ የለም። በዝማሜው መቋሚያው ይነሣል። በመረግዱ ከበሮና ጸናጽል ይገባሉ፣ ቀስ ብሎ፣ ከአንዱ ምት እስከ ሌላው እስትንፋስ ይዞ የሚያስጠብቅ። ከዚያ ጽፋቱ በጭብጨባ ይፋጠናል። ማሪ ሪስ ጆንስ የተባለች ተመራማሪ ከ1976 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የምትለው ትኩረት እኩል የሚፈስ ነገር እንዳልሆነ፣ ምትን ተከትሎ ከፍና ዝቅ እንደሚል ነው፤ አንጎል ቀጣዩ ምት የሚያርፍበትን ቅጽበት አስቀድሞ ይጠብቃል። ከዚሁ መንደር ሩቅ ባልሆነው በስኮፐስ ተራራ፣ በዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ያስተማረችው አየለት ላንዳውም ከፓስካል ፍሪስ ጋር በ2012 እ.ኤ.አ. ያሳተመችው ጥናት ከዚህ ጋር የሚሄድ ነው። ሁለት ቦታ እንዲጠብቅ የተነገረው ሰው ዓይኑን ባያንቀሳቅስ እንኳ ትኩረቱ በሰከንድ አራት ጊዜ ያህል ከአንዱ ወደ ሌላው ይመላለሳል። ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ያየን ይመስለናል እንጂ ተራ በተራ ነው።

በመረግዱ መሐል እማሆይን ተመለከትኩ። ግራ እጃቸው ጭናቸው ላይ ነበረች። ከበሮው ሊመታ ሲል ሁለቱ ጣቶች ይነሣሉ፣ ሲመታ ይወርዳሉ። ከምቱ ቀድመው ነው የሚነሡት። ጽፋቱ ሊገባ ሲል ደግሞ፣ ማንም ሳይነግራቸው፣ ቀኝ እጃቸው ደረታቸውን ተሻግራ ከግራ ትከሻቸው የወረደውን ነጠላ ይዛ ወደ ቦታው መለሰችው። ከታመሙ ጀምሮ ያን ነጠላ የመለስኩት እኔ ነበርኩ። ይህን ተአምር ነው የሚሉ አሉ፤ እኔ አልከራከርም፣ ቴራፒስቷም «ተአምር ከሆነ በየቀኑ ይለማመዱት» ብላለች።

እግረ መንገዴን ስለራሴ አንድ ነገር ልናገር። ቤን ይሁዳ የኖረበትን ቤት ለወራት በደጁ ሳልፍ አላየሁትም ነበር። ሰው ሲያሳየኝ ነው ያየሁት። ዳንኤል ሳይመንስ እና ክሪስቶፈር ቻብሪስ በ1999 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሙከራ፣ ኳስ ሲቀባበሉ የሚያሳይ ፊልም ላይ ቅብብሉን እንዲቆጥሩ ከተነገራቸው ጤነኛ ሰዎች ግማሽ ያህሉ፣ የጎሪላ ልብስ ለብሳ በመሐላቸው ያለፈችውን ሴት አላዩም። የእነሱ አንጎል አልታመመም፤ ሥራ ይዞ ነበር። እኔም ሥራ ይዤ ነበር፤ ያ መንገድ ለእኔ እማሆይ ያሉበት በር እንጂ ሌላ አልነበረም። ልዩነቱ እኔ ሲነገረኝ ማየቴ ነው።

በብዙ ሰው ላይ ይህ ሕመም በሳምንታትና በወራት ውስጥ እየቀለለ ይሄዳል፣ ጭራሽ የማይለቀውም አለ። የእማሆይ የምርመራ ወረቀት ሲወጣ መሻሻላቸው ተጽፎበታል፤ ሰዓቱን እንደገና ሲሥሉ አሥራ አንድ ቁጥር በቦታው ነበር። ነገር ግን ፈተናው የተሰጠው ጸጥ ባለ ክፍል፣ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ እየቀረበ ነው። ሐኪሙ አስጠንቅቆናል፤ በግራ ያለውን ብቻውን ሲሆን የሚያየው ሰው፣ በቀኝ ሌላ ነገር አብሮ ሲመጣበት የግራው ሊጠፋበት ይችላል። ቀኙ ይሻማዋል።

ቀዳም ስዑር ምሽት ይህን በዓይኔ አየሁ። ዴር ሱልጣን፣ የቅዱስ መቃብሩ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ ያለው ገዳማችን፣ በምእመናን ተጨናንቋል። ከሥሩ ያለው የቅድስት ዕሌኒ ጸሎት ቤት ጉልላት ከግቢው መሐል ብቅ ብሏል፣ ካህናቱ ጥላ ዘርግተው ይዞሩታል፣ ሕዝቡ ጧፍ ይዞ ይከተላል። እማሆይ በቀኛቸው ብርሃን፣ እልልታ፣ የሚያውቁት ፊት በዝቶላቸው ግራቸው እንደገና ሄደ። ከኋላቸው ሆኜ መቋሚያውን በየእርምጃው መሬት ላይ ማንኳኳት ጀመርኩ። ጥቂት እንደሄድን ዘወር ሳይሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘረጉ።

«አምጪው።»

«ይወድቃሉ፣ እኔ ልያዝልዎ።»

«መቼ እንደሚመታ እኔ አላውቅም? አምጪ አልኩሽ፤ አንቺ በግራ ሁኚ።»

ሰጠኋቸው። ራሳቸው መቱ፣ ትንሽ ጠበቁ፣ አንገታቸውን ወደ ግራ አዞሩ። አንድ ጎረምሳ ተሳላሚ ስልኩን ከፍ አድርጎ ሲቀርጽ በነጠላቸው ጫፍ ላይ ቆሟል። «ልጄ፣ ረግጠኸኛል እኮ» አሉት።